ሃይኪንግ «የፈረንጅ ነገር» የሆነው እንዴት ነው?

ጥቅምት ላይ፣ የቨርጂኒያ ዛፎች ቅጠላቸው ሲቀላ፣ ለሦስት ጓደኞቼ ደወልኩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሸናንዶዋ እንውጣ። ሁለት ሰዓት በእግር ሄደን፣ ምሳ በልተን እንመለሳለን» አልኳቸው። አንዱ ሥራ ይገባል። አንዷ ድብ ትፈራለች። ሦስተኛው ግን «ተወኝ እባክህ፤ እሱ የፈረንጅ ነገር ነው» አለኝ።

ይህን ያለኝ ሰው ያደገው ሰሜን ሸዋ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ይሄድ ነበር። ግሸን ማርያምን ሁለት ጊዜ ተሳልሟል። እንዲህ ያለ ሰው ተራራ መውጣትን «የፈረንጅ» ካለው፣ ሐሳቡን ያመጣው ከአገር ቤት አይደለም። እዚህ ከመጣ በኋላ ነው የያዘው።

ከማን ያዘው? ከሚያየው ነዋ። የተራራ ጫማ ማስታወቂያ ላይ ለዘመናት የቆመው ነጭ ነው። የፓርክ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲገባ የሚያየውም ነጭ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቹም «እኛ እንደዚህ ዓይነት ነገር አናደርግም» ይሉታል። እሱም አመነ። ልጆቹም ከእሱ ሰምተው ያምናሉ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ አባባሉ ከየት እንደመጣ ከሥሩ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ2008 እና በ2009 አገር አቀፍ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ከ100 ጎብኝዎች 78ቱ ነጮች ሆነው ተገኙ። ጥቁሮች 7 ብቻ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ጥቁሮች ከአገሪቱ ሕዝብ ውስጥ ከ100 ወደ 13 ይጠጋሉ። ማለትም በቁጥራቸው ልክ መገኘት ከነበረባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው የተገኙት። ይህን ሲያዩ ብዙዎች «ባህላቸው አይደለም» ብለው ያልፉታል። ነገሩ የባህል ቢሆን ኖሮ እኔም አልጽፍበትም ነበር። አይደለም። የሕግ ሥራ ነው፤ የፍርሃትም ሥራ ነው። ሕጉ ተሽሮ ፍርሃቱ ቀረ።

ማይል 57.5

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች በበጋ ሥጋና ከሰል ጭነን የምንሄድበት ሸናንዶዋ ራሱ ይበቃል።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1935 ነው። ከዋሽንግተን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በተራሮቹ ጫፍ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 169 ኪሎ ሜትር መንገድ ተዘርግቷል። ውብ መንገድ ነው። በመንገዱ ዳር የማይል ምልክቶች አሉ። ማይል 57.5 ላይ ሉዊስ ማውንቴን የተባለ ቦታ ይገኛል። ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ የድንኳን ቦታ፣ የሽርሽር ጠረጴዛዎች አሉት። ዛሬም ይሠራል።

ይህ ቦታ በ1939 ሲከፈት በሩ ላይ ትልቅ የእንጨት ምልክት ተተክሎ ነበር። «የሉዊስ ማውንቴን የኔግሮዎች ክልል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ቡና ቤት፣ ጎጆዎች፣ የድንኳን ቦታና የሽርሽር ቦታ እንዳለው ይዘረዝራል። ፎቶው አሁንም አለ። ምልክቱ በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ የሚያምር ሥራ ነው። እኔን የሚያመኝም ይኸው ነው። በብስጭት የተለጠፈ ወረቀት አይደለም። ተጠንቶ፣ በጀት ተይዞለት፣ በአናጢ የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጊዜው በቨርጂኒያ ሕግና ልማድ ጥቁርና ነጭ በአንድ ላይ አይበሉም፣ አብረው አያድሩም። ፓርኩ ግን የፌዴራል መንግሥት ነው። ጥቁሩም ግብር ይከፍልበታል። የፓርኩ አስተዳደር ሕዝቡን ሁሉ በእኩል ማስተናገድ ይችል ነበር። ይልቁንም «የአካባቢውን ልማድ እናከብራለን» የሚለውን መንገድ መረጠ። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የነበሩት ሌሎቹ ማደሪያዎችና ምግብ ቤቶች ለነጮች ሆኑ። ለጥቁሮች የተሠራው ማደሪያ ይህ ብቻ ነበር።

ጥቁሮች ግን መጡ። ከዋሽንግተን ከባልቲሞር ቤተሰብ ይዘው እየመጡ አድረውበታል፣ በልተውበታል፣ ወደውታልም። ስለዚህ «ጥቁር ተራራ አይወድም» የሚለው ወሬ እዚህች ቦታ ላይ ይፈርሳል። በር አንድ ብቻ ሲከፈትለት እንኳ በዚያችው በር ገብቷል።

ነገሩ የተለወጠው ሰዎች ስለተከራከሩ ነው። የዚያን ጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሃሮልድ ኢክስ ይባላሉ። ቀደም ብለው ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን የኤንኤኤሲፒን የቺካጎ ቅርንጫፍ መርተዋል። በ1938 ዊልያም ትሬንት ጁኒየር የተባሉ ጥቁር አማካሪ ሆነው ሚኒስቴሩ ገቡ። ትሬንት ያለመታከት ወተወቱ። ፒናክልስ የተባለው የሽርሽር ቦታ ለሙከራ ለሁሉም ተከፈተ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሁሉም ቆመ። በ1945 መጨረሻ ፓርኮች መለያየትን እንዲያቆሙ መመሪያ ወጣ። በሸናንዶዋ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1950 አካባቢ ነው።

በ1950 አሥር ዓመት የነበራት ልጅ ዛሬ ሰማንያ አልፏታል እንጂ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ምልክቱን በዓይኗ አይታዋለች። ለልጅ ልጆቿ ስለ ፓርክ ስታወራ ምን ትነግራቸው ይሆን?

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ፓርኩ ሲሠራ ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ለቅቀው እንዲወጡ ተደርጓል። አብዛኞቹ ድሃ ነጭ ገበሬዎች ነበሩ። ከእነሱ በፊት ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተፈናቅለዋል። በካሊፎርኒያም የዮሰሚቴ ሸለቆ ነዋሪዎች በ1851 በታጣቂዎች ተባርረዋል። የሰሜን ተራሮችን ጎብኝቶ ስለ ግጭ መንደር ሰዎች መነሳት የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ አይገርመውም። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ ሰው ወጥቶለት ነው ያልተነካ የሚመስለው።

ከነጮቹ ጎብኝዎች በፊት የነበሩት ጥቁር ጠባቂዎች

ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ታሪክ ይህ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የተቋቋመው በ1916 ነው። ከዚያ በፊት ፓርኮቹን የሚጠብቀው ጦሩ ነበር። በ1899፣ በ1903 እና በ1904 ዮሰሚቴንና ሴኮያን የጠበቁት ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ባፋሎ ሶልጀርስ ይባላሉ። ሕገ ወጥ አደን ያስቆማሉ፤ ደን የሚቆርጠውን፣ ከብት የሚያሰማራውን ያባርራሉ፤ እሳት ያጠፋሉ፤ መንገድ ይሠራሉ። የሬንጀር፣ የፓርክ ጠባቂ፣ ሥራ ማለት እኮ ይኸው ነው።

በ1903 የሴኮያ ፓርክ ኃላፊ ሆነው የተመደቡት ሻምበል ቻርልስ ያንግ ነበሩ። በ1864 ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ነው የተወለዱት። ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የተመረቁ ሦስተኛው ጥቁር ናቸው። ትልልቆቹ ዛፎች ወዳሉበት ጫካ የሚያስገባው መንገድ ለዓመታት ሲጎተት ቆይቶ ነበር። እሳቸው በአንድ በጋ ለሠረገላ እንዲከፈት አደረጉት። ሰው ወደ ጫካው በሠረገላ ገብቶ ዛፎቹን ማየት የቻለው ያን ጊዜ ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው የአገሪቱን ድንቅ ጫካ ለሕዝብ ከፈተ።

ይህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ በትምህርት ቤት አልተነገረም። ያልተነገረ ታሪክ ደግሞ ቦታውን ለወሬ ይለቃል። ወሬውም «እነሱ ድሮም እዚህ አልነበሩም» የሚለው ነው።

ጫካ ለምን ያስፈራል?

እኛ ጫካ ስንል ጅብ ወይም ሽፍታ ይታየናል። ለጥቁር አሜሪካዊ ግን ጫካ ሌላ ነገር ያስታውሰዋል።

ከባርነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች በመንጋ ፍርድ ተገድለዋል። ብዙዎቹ ዛፍ ላይ ተሰቅለው፣ ወንዝ ውስጥ ተጥለው ነው የተገኙት። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የ14 ዓመቱን ኤመት ቲልን ገድለው ታላሃቺ ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ለአንድ ትውልድ እናቶች «ከከተማ ራቅ አትበል» ማለት ልጅን በሕይወት የማቆየት ምክር ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቁር ለቅቆ እንዲወጣ የሚያስገድዱ ከተሞች ነበሩ። ተራራና ሐይቅ ለመዝናናት የሚሄድ ቤተሰብ በእነዚህ ከተሞች መሐል ማለፍ አለበት። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ለጥቁር መንገደኞች የጉዞ መመሪያ ያሳተመው ለዚህ ነው። የት ይታደራል፣ የት ይበላል፣ የት ነዳጅ ይቀዳል፤ ይህን ሳያውቁ መውጣት አደጋ ነበረው።

ጫካው መጠጊያም ነበር፤ ይህ መረሳት የለበትም። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ ታላቁ ዲስማል የተባለ ረግረጋማ ጫካ አለ። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ለትውልዶች ተደብቀው ኖረውበታል። ሃሪየት ተብማን ሰዎችን ነጻ ያወጣችው በሌሊት፣ በጫካና በወንዝ ዳር እየመራች ነው። ስለዚህ ጥቁር አሜሪካዊ ጫካን አያውቀውም ማለት አይቻልም። ከብዙዎቻችን በላይ ያውቀዋል። እውቀቱ ግን ከስቃይ ጋር የተሳሰረ ነው።

ፓርኩን ዘግተው ቁልፉን የያዙት

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዛሬውን ቁጥር ከምንም በላይ የሚያብራራው እሱ ነው።

ፍርድ ቤቶች «ፓርክና መዋኛ ለሁሉም ይከፈት» ማለት ሲጀምሩ፣ አንዳንድ ከተሞች ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ጭራሽ ዘጉት። የአላባማዋ ሞንትጎመሪ በ1959 መጀመሪያ የከተማዋን ፓርኮች በሙሉ ዘጋች። የእንስሳት ማቆያዋንም ጭምር። እስከ 1965 ድረስ አልተከፈቱም። ከጥቁር ልጅ ጋር አብሮ ከመጫወት የነጩም ልጅ ይቅርበት አሉ። የሚሲሲፒዋ ጃክሰንም የሕዝብ መዋኛዎቿን ዘጋች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1971 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ «ለሁሉም እኩል እስከተዘጋ ድረስ ከተማዋ ትችላለች» ብሎ ወሰነ።

እስቲ ውጤቱን አስቡት። መዋኛ ተዘጋ። ልጁ መዋኘት ሳይማር አደገ። ወለደ። መዋኘት የማይችል አባት ልጁን ውሃ ዳር አይወስድም፤ ይፈራለታል። በ2017 የዩኤስኤ ስዊሚንግ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች 64 በመቶው መዋኘት አይችሉም ወይም የሚችሉት በጣም ትንሽ ነው። ከነጮቹ 40 በመቶ። ይህን ያየ ሰው «ጥቁር ውሃ አይወድም» ይላል። የተዘጋውን በር ግን አያይም።

ተራራም እንደዚሁ ነው። ድንኳን መትከልን፣ ካርታ ማንበብን፣ የትኛው መንገድ ለልጅ እንደሚሆን ማወቅን ሰው ከወላጁ ይማራል። በየበጋው ከአያቱ ጋር ድንኳን እየተከለ ያደገ ልጅ ይህን እንደ ዕውቀት አይቆጥረውም። እንደ ተፈጥሮው ነው የሚያየው። ርስት ነው። መሬት እንደሚወረስ ሁሉ ይህም ይወረሳል። ርስት የተነጠቀ ቤተሰብ ደግሞ የሚያወርሰው የለውም።

ዛሬስ?

ሕጉ ተሽሯል። ዛሬ ማንም ሰው ሸናንዶዋ በር ላይ በቀለሙ አይመለስም። ታዲያ ምን ቀረ?

አንደኛው ርቀት ነው። ሴንተር ፎር አሜሪካን ፕሮግረስና ሂስፓኒክ አክሰስ ፋውንዴሽን በ2020 አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ነጭ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች 74 በመቶው የሚኖሩት ተፈጥሮ በተራቆተበት አካባቢ ነው። ከነጮቹ ግን 23 በመቶ ብቻ። ይህም ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ጥቁሮች የት ቤት መግዛት እንደሚችሉ ባንክና መንግሥት ለብዙ ዓመታት በካርታ ላይ መስመር አስምረው ወስነዋል። ፋብሪካው፣ አውራ ጎዳናው ወደ እነሱ ሰፈር ሄደ። ዛፉና ሐይቁ ወደ ሌላው ሰፈር።

ሁለተኛው ገንዘብና ጊዜ ነው። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሸናንዶዋ ለመግባት በመኪና 30 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። 30 ዶላሩ አይከብድም ይሆናል። መኪና ግን ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያስፈልጋል። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር የሚሠራ ሰው ቅዳሜው የታለ? ከዚህ ላይ የጫማውና የጃኬቱ ዋጋ ሲነገረው «ይቅርብኝ» ይላል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ይህ በቁጥር አይገባም። አንድ ጊዜ ሰባት ሆነን፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ በእግር እየሄድን ነበር። አንድ ሰውዬ አስቆመንና «ፈቃድ አላችሁ?» አለን። ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ አልነበረም። ሰውዬውም ሠራተኛ አልነበረም። ከፊታችን ያለፉትን ሰዎች አልጠየቃቸውም። መለስንለትና አለፍን። ግን ከመካከላችን አንዷ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ያበላሸባት ያ አንድ ደቂቃ ነው።

የእኛ ቀላሉ ነው። በየካቲት 2020 ጆርጂያ ውስጥ የ25 ዓመቱ አህመድ አርበሪ ሲሮጥ በመኪና ተከታትለው በጥይት ገደሉት። በግንቦት 25፣ 2020 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር ወፎችን እየተመለከተ ነበር። አንዲት ሴት ውሻዋን እንድታስር ጠየቃት፤ የቦታው ደንብ ነው። እሷ ግን ፖሊስ ጠርታ «አንድ ጥቁር ሰው ሕይወቴን እያስፈራራ ነው» አለች። በዚያው ቀን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ ተገደለ። ኩፐር ስልኩ ላይ ቀርጾት ባይሆን ማን ያምነው ነበር? ከዚያ በኋላ ጥቁር ወፍ ተመልካቾች በቀናት ውስጥ የራሳቸውን ሳምንት አዘጋጁ። «እኛም አለን» አሉ።

«ተራራ ቀለም አይጠይቅም» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ተራራው አይጠይቅም። የሚጠይቀው መንገድ ላይ የቆመው ሰው ነው። ምልክቱን ያቆመውም ሰው ነበር። «ማካተት» የሚለው ቃል ከቢሮ ስብሰባ የመጣ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሰለቸዋል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ሰው መጀመሪያ ቀን ሲመጣ እንግድነት እንዳይሰማው ማድረግ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ የምናደርገው ነው።

የሚደረግ ነገር አለ። በ2009 ሩ ማፕ የተባለች የኦክላንድ ሴት አውትዶር አፍሮን መሠረተች። ሥራው ቀላል ነው፤ በየከተማው የሠለጠኑ ጥቁር መሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ይወጣሉ። ብቻውን የሚፈራ ሰው ከአሥር ሰው ጋር አይፈራም። በ2015 የኦባማ መንግሥት አራተኛ ክፍል ለሆኑ ልጆች ሁሉ ከነቤተሰባቸው ፓርክ በነጻ መግባትን ፈቀደ። አሁንም አለ፤ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ተጠቀሙበት። በግንቦት 2022 ፉል ሰርክል የተባለው፣ አባላቱ በሙሉ ጥቁር የሆኑበት የመጀመሪያው ቡድን ኤቨረስት ጫፍ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ነባር ሕዝቦችን የሚሰድብ ስም የነበራቸው ወደ 650 የሚጠጉ ተራሮች፣ ወንዞችና ቦታዎች ስማቸው ተለወጠ። ይህን ያስጀመሩት የዚያን ጊዜዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ የመጀመሪያዋ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ሚኒስትር የነበሩት ዴብ ሃላንድ ናቸው። ልጅህን ይዘህ የምትወጣበት ተራራ ስሙ ለአያትህ ስድብ ሲሆን ምን እንደሚሰማ አስበው።

ወደ ኋላም ይኬዳል። ለ2026 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን እና የባርነት ማብቂያ መታሰቢያ የሆነው ጁንቲንዝ ከፓርኮቹ የነጻ መግቢያ ቀናት ዝርዝር ወጥተዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። መልእክቱ ግን ትንሽ አይደለም፤ እኔን አሳዝኖኛል።

እኛስ የት ነን?

አንዳንዱ ወገኔ «ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ በባርነት አልተገዛንም» ይላል። ታሪኩ የእነሱ መሆኑ እውነት ነው። ግን እዚህ የገባንበት በር የተከፈተው በማን ትግል ነው? ከአፍሪካ የሚመጣን ሰው በኮታ ያግድ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ የተለወጠው በ1965 ነው። የሲቪል መብት ሕግ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያ ትግል ባይኖር አብዛኞቻችን እዚህ አንኖርም ነበር። ደግሞም ጫካ ውስጥ የሚያስቆመን ሰው ከየት እንደመጣን አይለይም።

የራሳችን መሰናክልም አለን። «ሥራ ፈት ነው እንዴ፣ ዝም ብሎ ዳገት የሚወጣው?» የሚል አለ። በአገር ቤት መሄድ የችግር ምልክት ነበር፤ መኪና የሌለው ነው የሚሄደው። ሰው ከዚያ አምልጦ መጥቶ ተመልሶ ሂድ ሲሉት አይዋጥለትም። ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች በየሳምንቱ መጨረሻ በቡድን ተሰብስበው መናገሻ ሱባና ወንጪ ይወጣሉ። እዚያ ተለውጧል። እኛ ነን የቀረነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የሚይዝ ጫማ፣ በቂ ውሃ፣ ጃኬት። ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ስትመለሱ የልጆቹን እግርና አንገት ለመዥገር ፈትሹ፤ ይህን አትርሱ። ድብን በተመለከተ፣ የሸናንዶዋ ድብ ጥቁሩ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሲሰማ ይሸሻል። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ካያችሁትም አትሩጡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከፍታው አያሳስባችሁ። የፓርኩ ከፍተኛ ተራራ ሃውክስቢል 1,235 ሜትር ነው። የአዲስ አበባን ግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው።

ያ ጓደኛዬ በመጨረሻ መጣ። ያሳመነው የእኔ ንግግር አይደለም፤ የ12 ዓመት ልጁ ነው። ሉዊስ ማውንቴን ላይ ጠረጴዛ ያዝን። እንጀራውን ዘረጋን፤ ቡናውን ከፔርሙዝ ቀዳን። የ1939ኙን ምልክት ፎቶ ስልኬ ላይ አውጥቼ ለልጁ አሳየሁት። አንገቱን አዙሮ በሩን አየ። ከዚያ አባቱን በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ «እኛም ብንሆን እዚህ ነበር የምንቀመጠው?»

«አዎ» አለው አባቱ። «እዚህ ብቻ።»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከምሳ በኋላ ማይል 56.4 ላይ ወዳለው ቤርፌንስ ሄድን። «የድብ አጥር» ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ቋጥኙን በእጅ እየያዙ መውጣት ይጠይቃል። ጓደኛዬ ያደረገው የሥራ ጫማውን ነበር። ቆም ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ እሱ ከነልጁ ጫፉ ላይ ደርሶ፣ ሸለቆውን እያሳየው ስለ ትምህርት ቤት መንገዱ ይነግረው ነበር።